«እሺ» ከማለትሽ በፊት

ልጄ፣

ዛሬ ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ለሩጫ ብለሽ ባዕድ አገር ከሄድሽ ስምንት ወር ሆነሽ። ስንቴ እንደደወልሽ አልቆጠርኩም፣ የምትዪው ግን ሁሌም አንድ ነው። «ደህና ነኝ አባዬ፣ አታስብ።» ዛሬ በወሬ መሃል አንድ ነገር አመለጠሽ። የማይሉንና የኪሎ ሜትሩን ታሪክ ነገርሽኝ። እየሳቅሽ ነበር የነገርሽኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስልክ ላይ የምለው ጠፋኝና ዝም አልኩሽ፣ ስለዚህ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

በትክክል እንደገባኝ ልድገመው። በመጀመሪያው ሳምንት አሰልጣኝሽ ለቀላል ሩጫ ቀን «ስምንት፣ በሰባት ሰባት ደቂቃ» አለሽ። እሱ የሚያወራው በማይል ነው። አንቺ የሰማሽው በኪሎ ሜትር ነው። ስምንት ማይል 13 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አንዱን ማይል በሰባት ደቂቃ መሮጥ ማለት ደግሞ ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ገደማ መሮጥ ነው። አንቺ ብቻሽን ወጣሽ፣ 8 ኪሎ ሜትር ሮጥሽ፣ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በሰባት ደቂቃ። በእሱም ስሌት በአንቺም ስሌት የሚመጣው 56 ደቂቃ ነው። ስትመለሺ ሰዓቱ ልክ ሆነ። ማንም ምንም አላለም። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። አሰልጣኙ የእጅ ሰዓትሽ የመዘገበውን ከፍቶ እስኪያይ ድረስ።

ከሁሉም የነካኝ የመጨረሻዋ ቃልሽ ናት። «በጣም ቀርፋፋ መስሎኝ ነበር፣ ግን መጠየቅ አፈርኩ» አልሽኝ። እግርሽ አውቆታል። ልብሽም አውቆታል። አፍሽ ግን «እሺ» ብሎ ወጣ።

ስለዚህች «እሺ» ነው የምጽፍልሽ።

«እሺ» ስትዪ ነው ያደግሽው። ያሳደግንሽም እኛ ነን። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማት፣ አንገት ደፋ ማድረግ፣ ሁለቴ አለመጠየቅ፣ ይህን ሁሉ ጨዋነት ነው ብለን አስተማርንሽ። አልጸጸትበትም። ግን እዚያ ስትደርሺ ይኸው ጨዋነት ሌላ ትርጉም እንደሚሰጠው ልነግርሽ ይገባ ነበር። አሰልጣኝሽ «ገባሽ?» ሲልሽ እውነቱን ፈልጎ ነው የሚጠይቅሽ። «አልገባኝም» ካልሽው ሌላ ቃል ይፈልጋል፣ በእጁ ያሳይሻል፣ ወረቀት ላይ ይጽፍልሻል። «እሺ» ካልሽው ግን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ስህተት ሁሉ የአንቺ ስንፍና ወይም እምቢተኝነት ይመስለዋል። ያን ቀን የሰዓትሽን መረጃ አይቶ ድምፁን ከፍ ያደረገብሽ ለዚህ ይመስለኛል። አንቺ እንደሰደበሽ ነው የተሰማሽ። ኋላ ጓደኛሽ ስታስረዳሽ ግን «አሞሽ ነው እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?» ነበር ያለሽ። የማያውቁት ቋንቋ ሲጮህ ሁሉም ነገር ስድብ ይመስላል። ፊቱን ብቻ ነው የምታነቢው፣ የተቆጣ ፊትና የተጨነቀ ፊት ደግሞ ይመሳሰላሉ።

አየሽ፣ ይህ የገጠመው አንቺን ብቻ አይደለም። ከሄድሽ ወዲህ አገር ለቀው ስለሄዱ ልጆች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ሊዮኔል ሜሲ ባርሴሎና ሲገባ 13 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. 2000 ነው። ስፓኒሽ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፣ ከተማው ውስጥም ይነገራል። ያም ሆኖ በጣም ዝምተኛ ስለነበር መጀመሪያ ላይ መናገር የማይችል መስሎን ነበር ብለው አብሮ አደግ ተጫዋቾች ኋላ ተናግረዋል። ብዙም ሳይቆይ እናቱና ወንድሞቹ እህቱም ወደ አርጀንቲና ተመለሱ፣ እሱ ከአባቱ ጋር ቀረ። ቋንቋውን እየቻለ እንዲህ ከሆነ፣ አንቺ በስምንት ወር ውስጥ ቢከብድሽ ምን ይገርማል?

ሳሙኤል ዋንጂሩን ደግሞ የሩጫ ሰው ስለሆንሽ ስሙን ታውቂዋለሽ። ከኬንያ ወደ ጃፓን ሲሄድ 15 ዓመቱ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2002። ሰንዳይ ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ፊደሉ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ። እዚያ ሆኖ ጃፓንኛ ተማረ፣ አቀላጥፎም ይናገረው ነበር። በ2008 ቤጂንግ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ አሸነፈ፣ የኦሎምፒክ ሪከርድም ሆነ። ጃፓኖች «ጋማን» የሚሉት ቃል አላቸው። ችሎ ማለፍ፣ መታገሥ እንደማለት ነው። ይህን ከዚያ አገር እንደተማረ ይናገር ነበር። አስቢው፣ ልጁ ቃሉን ብቻ አይደለም የወሰደው። ለቃሉ የሚሆነውን ነገር በልምምዱ ውስጥ አገኘው። ቋንቋ ለሯጭ ከልምምዱ ተለይቶ የሚማሩት ተጨማሪ ነገር አይመስለኝም።

ደግሞ እኮ ሳታውቂው ጀምረሽዋል። «ፋርትሌክ» ስንት ዓመት አልሽ? የስዊድን ቃል ነው፣ የፍጥነት ጨዋታ ማለት ነው። «ቴምፖ» ጣሊያንኛ ነው። ማንም ሰው ቁጭ አድርጎ እነዚህን ቃላት አላስተማረሽም። እግርሽ ሥራውን ሲሠራ ቃሉ አብሮ ገባ። ሌላውም የሚገባው በዚሁ በር ነው።

ስለዚህ በክፍል ከሚሰጡሽ ረጅም የቃላት ዝርዝር በፊት የሚያስፈልጉሽን ያዢ። መጀመሪያ ቁጥር። ቁጥርን ሳታስቢ እስክትሰሚ ድረስ። «አሥራ ሦስት» እና «ሠላሳ» የሚምታቱበት ቋንቋ ከሆነ እነሱን ለይተሽ ተለማመጂ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ ሁልጊዜ መለኪያውን ጠይቂ። ከዚያ የሰውነት ክፍሎች። ቁርጭምጭሚት፣ ቅልጥም፣ ቋንጃ፣ ዳሌ። ከዚያ የሕመም ቃላት፣ ምክንያቱም «ያመኛል» ብቻ አይበቃም። ይወጋል? ያቃጥላል? ይከብዳል? ስትሮጪ ነው ወይስ ስትተኚ? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪሙ የጡንቻ ድካምን ከአጥንት ስንጥቅ መለየት የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው። በትክክል ካልነገርሽው የሳምንት እረፍት የሚበቃው ነገር ለወራት ሊያስቀምጥሽ ይችላል።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ደግሞ በቃልሽ ያዢ። «የገባኝን ልድገምልህ» የምትል። በዚያ ቋንቋ እንዴት እንደምትባል ጓደኛሽን ጠይቂያትና ጽፈሽ ያዢ። ከልምምድ በፊት አሰልጣኙ ተናግሮ ሲጨርስ ድገሚለት። «ስምንት ማይል፣ ማይሉን በሰባት ደቂቃ፣ ቀላል።» አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የመጀመሪያው ቀን ይህን ብታደርጊ ኖሮ ሦስት ሳምንት አይባክንም ነበር። ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም። አሥር ሰከንድ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

ስለ ድካሙ ላንሳ። ማታ ማታ ጭንቅላቴ ይፈዛል ብለሽኝ ነበር፣ ልምምድ ያልነበረሽ ቀን እንኳ። ሰነፍኩ ብለሽ ራስሽን ወቀስሽ። ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ መስማት ሥራ ነው። በራስሽ ቋንቋ ጆሮሽ ሳትፈልጊው ይሰማል። በሌላው ግን እያንዳንዱን ቃል እየለቀምሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ምንም የማይሰማሽ ጊዜ ይመጣል፣ ጠዋት የገባሽ ቃል ማታ ይጠፋብሻል። ለዚያ ጊዜ ስጪው። በዚያ ሰዓት በራስሽ ቋንቋ አንብቢ፣ ጻፊ፣ ዝም በዪ። የሄድሽው የራስሽን ለመርሳት አይደለምና እንዳታፍሪበት።

ሌላም ነገር አለ፣ ስለሱ ነግረሽኝ አታውቂም፣ እኔ ግን በድምፅሽ እሰማዋለሁ። አንቺ ቀልደኛ ልጅ ነሽ። ሰው የምታስቂ፣ መልስ የማታጪ። እዚያ ግን ዝምተኛዋ ልጅ ሆነሻል። ቀልዱ ሲገባሽ ሌሎቹ ስቀው ጨርሰዋል። መልስ ስታዘጋጂ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። የገዛ ራስሽ ግማሽ ቤት የቀረ ያህል ይሰማሻል፣ አይደል? አልቀረም። ቋንቋው እስኪደርስበት እየጠበቀ ነው። ሰው ሲሰማ ቶሎ ይገባዋል፣ መናገሩ ግን ዘግይቶ ይመጣል፣ መቀለዱ ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል። አንድ ቀን አንድ ቀልድ ጣል ታደርጊና ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል። ያን ቀን የት ቦታ፣ ምን እንዳልሽ ደውለሽ ንገሪኝ። ከሰዓት ማሻሻልሽ እኩል ነው የምደሰተው።

ስለ አሰልጣኝሽ ስም ደግሞ። በእኛ ቋንቋ «አንቱ» የሚባል ሰው ነው፣ እዚያ ሁሉም በስሙ ይጠራዋል። አፌ አልታዘዝ አለኝ ብለሽ ስም ሳትጠሪ ነው አሉ የምታናግሪው። እንደ አገሩ ጥሪው። አክብሮትሽ በሰዓቱ ስትገኚ፣ ያለሽን ስትሠሪ፣ እውነቱን ስትነግሪው ይታያል። እሱም በዚያ ነው የሚያነበው። ዓይኑን እያየሽ ስታናግሪው ድፍረት አይደለም። ዓይንሽን ስትሰብሪ የደበቅሽው ነገር ያለ ሊመስለው ይችላል።

አሁን «እሺ» ፈጽሞ የማይባልባቸው ቦታዎች አሉ፣ እነዚህን በቁምነገር ስሚኝ።

አንደኛው መድኃኒት ነው። አላን ባክስተር የሚባል የበረዶ መንሸራተት ስፖርተኛ ነበር፣ የብሪታንያ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ኦሎምፒክ ላይ በስላሎም ሦስተኛ ወጣ። አፍንጫው ተዘግቶበት አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የአፍንጫ መክፈቻ ተጠቅሞ ነበር። አገሩ የሚያውቀው ያው መድኃኒት ነው፣ ስሙም ያው። ግን አሜሪካ የሚሸጠው ውስጡ የተለየ ንጥረ ነገር ነበረበት፣ እሱም ከተከለከሉት አበረታች ቅመሞች ጋር የሚመደብ። ለማጭበርበር እንዳላሰበ የመረመሩት ሰዎች እንኳ ተቀብለውታል። የተነጠቀው የነሐስ ሜዳሊያ ግን አልተመለሰለትም። ሕጉ ሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ይላል፣ አላወቅኩም ማለት ቅጣቱን ቢያቀል እንኳ ውጤቱን አያድንም። ስለዚህ የካርቶኑን ስም አትመኚ። በውስጡ ያለውን የንጥረ ነገር ስም አንብቢ፣ ለቡድኑ ሐኪም አሳዪ። ጓደኛሽ ለጉንፋን ብላ የምትሰጥሽን ኪኒን በፍቅር ብትሰጥሽም እንኳ አትዋጪ። ሐኪም ቤት ስትሄጂ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ግማሹን የምትሰማ የክፍል ጓደኛሽን ይዘሽ አትግቢ። መርፌ ከመወጋትሽ በፊት ምን እንደሆነ ማወቅ መብትሽ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ማንም፣ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ያላነበብሽውን ነገር እንድትፈርሚ ቢያጣድፍሽ፣ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ አንድ ሌሊት ይደር። ማናጀር ነኝ የሚል ሰው አንድ ሌሊት መጠበቅ ካቃተው የምትፈልጊው ሰው አይደለም። ፓስፖርትሽ ደግሞ ከአንቺ ሌላ ማንም ዘንድ አይቀመጥ። «ለደህንነቱ» ቢሉሽም።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ሯጩን ሞ ፋራህን ሁላችንም እንደ አሸናፊ ነው የምናውቀው። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን በቢቢሲ ቀርቦ በልጅነቱ በሌላ ልጅ ስም ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደና በሰው ቤት የቤት ሥራ እንዲሠራ፣ ልጆች እንዲጠብቅ መገደዱን ተናገረ። እንግሊዝኛው ገና ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ የሚገባው ቋንቋ ስፖርት ብቻ የሚመስል ልጅ እንደነበር የስፖርት መምህሩ አለን ዋትኪንሰን አስታውሷል። ልጁ እውነቱን የነገረው ለዚያ መምህር ነው። መምህሩም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሳወቀ፣ ከዚያ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤተሰብ ዘንድ እንዲኖር ተደረገ። በተሰባበረ ቋንቋ ይሁን በምን፣ ነገረው። አንቺንም ማንም ቢነካሽ፣ ቢያስፈራራሽ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» ቢልሽ፣ ሰዋስው አትጠብቂ። በሁለት ቃል ይሁን። በምልክት ይሁን። ለእኔ በራሳችን ቋንቋ ንገሪኝ፣ እኔ ሰው ፈልጌ አስተረጉማለሁ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን።

ከዚህ ከባድ ነገር ልውጣ።

ስምንተኛው ወር ላይ ነሽ ብያለሁ። ስቬር ሊስጎርድ የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ ከ200 በላይ ኖርዌያውያንን ጠየቀ። ከስድስት ወር በታች የቆዩት ደህና ነበሩ። ከ18 ወር በላይ የቆዩትም እንዲሁ። የተቸገሩት በመሃል ያሉት ናቸው። ኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ አይሄድም ብለዋል፣ ልክ ናቸው፣ ሰው ይለያያል። እኔን ግን አረጋጋኝ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አዲስ ስለነበር ትስቂ ነበር። አሁን አዲስነቱ አለቀ፣ ቋንቋው ገና አልያዘሽም። ሆድሽ ሲብስሽ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አትበዪ። መሃሉ ላይ ነሽ። አሥር ሺህ ሜትር ስትሮጪ አሥራ አምስተኛው ዙር ላይ ምን እንደሚሰማሽ አንቺው ነሽ የምታውቂው።

ሲፋን ሐሰንን አስታውሺ። በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ ስትገባ እንዳንቺ የሚጠብቃት አሰልጣኝና ቡድን አልነበራትም። እዚያው ነርስነት እየተማረች ነው ሩጫውን የያዘችው። ቶኪዮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ወርቅ፣ በ1,500 ነሐስ፣ ፓሪስ ላይ ማራቶኑን። እኛ የምናየው መድረኩን ነው። እኔ አሁን አሁን የማስበው ግን ያንን የመጀመሪያውን ክረምት ነው። ማን አናገራት ይሆን እያልኩ።

አንዳንዴ አብሬሽ ብመጣስ ኖሮ እላለሁ። የቴኒስ ተጫዋቿ የማሪያ ሻራፖቫ አባት ልጁን ይዞ አሜሪካ የገባው እንግሊዝኛ ሳይችል ነው፣ ገና ሕፃን ሳለች። እናትየው ቪዛ አላገኘችምና ሁለት ዓመት ያህል ከልጇ ተለይታ ቆየች። ያንን ሳነብ የሁለቱንም ሆድ አሰብኩ፣ የሄደውንም የቀረችውንም። እኔ ከቀሩት ነኝ። መቅረትን ደግሞ በደንብ አልቻልኩበትም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በየማታው እደውልልሽ ነበር፣ ልክ እራት በምትበሉበት ሰዓት። ከጠረጴዛ ተነስተሽ ኮሪደር ላይ ቆመሽ ታወሪኝ ነበር። ጓደኞችሽ የሚያወሩበትን፣ ቋንቋው በነጻ የሚገኝበትን ሰዓት እኔ ወሰድኩብሽ። ይህን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው። ከእንግዲህ እሁድ እሁድ፣ አንቺ በመረጥሽው ሰዓት። ከዚያ ውጪ ሲከፋሽ በማንኛውም ሰዓት።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። «ደህና ነኝ» ትዪኛለሽ ብዬ ወቀስኩሽ። እኔም «ደህና ነን» እያልኩሽ ነበር። ባለፈው ወር እናትሽ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐሞት ጠጠር ነው፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ወጣች፣ አሁን ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። በዚያ ሳምንት ስትደውዪ «እንቅልፍ ወስዷታል» አልኩሽ። ውድድር ስለነበረብሽ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዋሸሁሽ ልጄ። ይቅር በዪኝ። አንቺን እውነት ንገሪኝ እያልኩ እኔ ልደብቅሽ አይገባም።

የዚያን አገር ቁጥሮች መማር ጀምሬያለሁ። እስከ ሃያ ደርሻለሁ፣ እናትሽ ትጠይቀኛለች። እሁድ ስትደውዪ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። ስለ ሕመሟ ጠይቂያት፣ ቁስሉ እንዴት እንደሆነ ራሷ ትንገርሽ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ስትሰጠኝ «ደህና ነኝ» ከማለትሽ በፊት በሳምንቱ ውስጥ ያልገባሽን አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔም የእኔን አዘጋጃለሁ።

አባትሽ